የዐስር ሰዓት የተሳሳተብን ጊዜ



ባለፈው ዓመት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ከግቢ ተመልሰን ሀና ማርያም፣ ሰፈራችን ባለው መስጂድ በር ላይ ቆመን ሳለ ስልካችን ጮኸ። ዐስር ገባ ይላል። ሰዓቱ 8፡47 ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት አዛውንት ሙአዚን ቀና ብለው አዩንና "ልጆቼ፣ ይሄ ስልካችሁ ምን አስቸኮለው? ዐስር እኮ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል" አሉን። "በኮምፒውተር የተሰላ ነው አባባ" ብለን መለስን። አልተከራከሩንም። ከደመናው መሀል ፀሐይ ብቅ ስትል ጠብቀው "እስቲ ጥላችሁን በእግራችሁ ለኩት" አሉን። ለካን። አምስት እግር ያህል ሆነ። የሰው ቁመት ደግሞ በራሱ እግር ሲለካ ወደ ሰባት ይጠጋል።

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በልጅነታችን ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ ስንል ሰፊነቱ ነጃህ ላይ የተማርነው ግልጽ ነው፤ ዐስር የሚገባው የማንኛውም ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያህልና ትንሽ ሲያልፍ ነው፤ ያውም ቀትር ላይ የነበረው ጥላ ሳይቆጠር። የእኛ ጥላ ግን ቁመታችንን እንኳ አልሞላም። በየትኛውም መዝሀብ ዐስር አልገባም።

ነገሩን የሚያሳፍረው፣ ያ ፕሮግራም ከውጭ የመጣ አለመሆኑ ነው። የሠራነው እኛው ነን። በታኅሣሥ፣ ቅዳሜና እሁድ ሀና ማርያም አንዳችን ቤት እየተሰበሰብን፣ መብራት ሲሄድ እያቆምን፣ ሲመጣ እየቀጠልን ሠራነው። ከዚያም አገናኙን በጀመዓው ቴሌግራም ለቀቅነው። በጀመዓ የሚሰግድ ሰው አዛን ስለሚጠብቅ አልተጎዳም። ዶርም ውስጥ ወይም ላብ ላይ ሆነው፣ በእኛ ገጽ ብቻ ተማምነው ለብቻቸው የሰገዱ ግን ነበሩ። የሰገዱት ደግሞ ሰዓቱ ሳይገባ ነው። ኡስታዛችንን ጠየቅን፤ እነዚያን ሰላቶች ቀዷ ማውጣት እንዳለባቸው ነገሩን። ያንን መልእክት በቴሌግራም መጻፍ ቀላል አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረና እንዴት እንደተገኘ ለመንገር ነው። መንገዱ ስለ ኦፕን ሶርስ ክፍል ውስጥ ያልተማርነውን አስተምሮናል።

መጀመሪያ ለምን እንደሠራነው። ስልክ ላይ የሚጫኑ የሰላት ሰዓት አፖች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ግን በአዛን መሀል ማስታወቂያ ያሳያሉ፣ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይነግሩናል፣ ከሁሉም በላይ ስሌቱን እንዴት እንደሠሩት ማየት አይቻልም። እኛ የፈለግነው በኛ ሰዓት፣ በኛ ቀን አቆጣጠር የሚያሳይ ቀላል ድረ ገጽ ነበር። ስንጀምር ደግሞ ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቶ ጠበቀን። የዛሬ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ፤ አንድ መስመር ጽፈን ጳጉሜንን ጨምሮ 13ቱንም ወራት አገኘን። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው፤ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትም በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ማንንም ሳናስፈቅድ ተጠቀምንበት። እነዚህን ሁሉ የሠሩልን ሰዎች ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ናቸው። ለእኛ የቀረን ስድስት ሰዓት መቀነስና የሰላቱ ስሌት ነበር።

ለስሌቱም ቢሆን ዝግጁ ነገር ነበረ። አድሃን የሚባል ኦፕን ሶርስ የኮድ ስብስብ አለ፤ ዣን ሚውስ ስለ አስትሮኖሚ ስሌት በጻፈው መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎችም ተጽፏል። እኛ ግን፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ አመል ሆነና፣ ቀመሩን ራሳችን ካልጻፍነው ብለን ድርቅ አልን። እዚህ ላይ ነው የወደቅነው።

የሰላት ሰዓት ስሌት በአጭሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ በሰማይ ላይ ያለችበት ከፍታ አንግል ነው፤ እያንዳንዱ ሰላት ደግሞ ከአንድ ከፍታ ጋር ይያያዛል። ዙህር ፀሐይ ከቀትር ዘንበል ስትል ነው። ሰዓታችን የተለካው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ39 ዲግሪ ትንሽ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ ፀሐይ እኛ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ 25 ደቂቃ ዘግይታ ነው። ስለዚህ ቀትር በአብዛኛው ልክ 6 ሰዓት ሳይሆን 6፡25 አካባቢ ነው። እሱም አይረጋም፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ 6፡09 ይመጣል፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ወደ 6፡39 ይሄዳል። ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ የዙህር ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጥፎ መቀመጥ የማያስኬደው። በጅግጅጋና በጋምቤላ ቀትር መካከል ደግሞ 33 ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ፤ ከሁለቱ ከተሞች የመጣችሁ ቤት ስትደውሉ የምታስተውሉት ነው።

ዐስር የሚሰላው በጥላ ነው። ኪታቡ "የቀትሩ ጥላ ሲደመር አንድ ቁመት" ይላል፤ ሐነፊዮች ዘንድ ሁለት ቁመት። ይህንን ወደ ሒሳብ ስንለውጠው የቀትሩ ጥላ ርዝመት የሚገኘው የከተማዋን ኬክሮስ ወስደን፣ ፀሐይ በዚያ ቀን ከምድር ወገብ የራቀችበትን አንግል ቀንሰን፣ የቀሪውን ታንጀንት ስንወስድ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስላለች መቀነሱ ትልቅ አዎንታዊ ቁጥር ይሰጣል፤ ጥላችንም ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ከመስጂዱ አዛን ጋር አስተያየነው፣ ገጠመ፣ አልሐምዱሊላህ ብለን ለቀቅነው።

ይሁን እንጂ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ አናታችን ላይ ደርሳ ወደ ሰሜን ታልፈናለች፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማም ከሰሜን በኩል ነው የምትውለው። የቀትር ጥላችን በእነዚያ ወራት ወደ ደቡብ ይወድቃል። አውሮፓ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን በሕይወቱ አያየውም። በቀመራችን ውስጥ ደግሞ 9 ሲቀነስ 23 ከአሉታዊ 14 በላይ አይሆንም። ታንጀንቱም አሉታዊ ሆነ። ፕሮግራማችን የቀትሩን ጥላ በአንድ ቁመት ላይ መደመር ሲገባው ቀነሰው። ሚያዝያ 20 ላይ ስህተቱ 20 ደቂቃ ያህል ነበር፤ እየጨመረ ሄዶ ሰኔ አጋማሽ ላይ ከአንድ ሰዓት አለፈ። ትክክለኛው ዐስር 9፡54 አካባቢ ሲሆን የእኛ ገጽ 8፡47 ይል ነበር። በድንገት ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እንነቃ ነበር። በየቀኑ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ እየሾለከ ስለሄደ ማንም ልብ አላለውም። ክረምቱም ረዳው፤ በደመና ጥላውን ማን ያያል?

የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሒሳብ አብሶሉት ቫልዩ የምንለው፣ የመቀነስ ምልክቱን ጥሎ መጠኑን ብቻ የሚይዘው። ኪታቡ ስለ ጥላው ርዝመት እንጂ ወደ ሰሜን ይውደቅ ወደ ደቡብ አይናገርም። ሁለቱንም ተምረናል፣ አንዱን መድረሳ፣ ሌላውን አሥራ አንደኛ ክፍል። ማገናኘቱን ግን ረሳን።

ስህተቱን ያገኘነው እኛ አይደለንም። ሙአዚኑ ሰዓቱ ልክ እንዳልሆነ ነገሩን እንጂ ለምን እንደሆነ ሊነግሩን አይችሉም። ያን ማታ በቴሌግራም "የዐስር ሰዓታችን ስህተት አለበት፣ እስክናጣራ አትጠቀሙበት" ብለን ጻፍን። የኤሌክትሪካል ሁለተኛ ዓመት የሆነች እህታችን ኮዳችንን ጊትሃብ ላይ ከፈተች፣ ከጎኑ የአድሃንን ኮድ ከፈተች፣ መስመር በመስመር አስተያየች። እዚያ አብሶሉት ቫልዩ አለ፣ እዚህ የለም። ሱብሒ ከመግባቱ በፊት የተስተካከለችዋን አንዲት መስመር ላከችልን። አይታን አታውቅም፣ እኛም አላየናትም። ኮዳችን ዝግ ቢሆን ወይም አድሃን ዝግ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። እኛ እንዲያው ስንገምት ክረምቱ ያልፍ ነበር፣ መስከረም ላይም ስህተቱ በራሱ ይጠፋና "ተስተካከለ" ብለን እንተወው ነበር፤ እስከ ቀጣዩ ሚያዝያ።

አሁን ኦፕን ሶርስ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ወንድሞችና እህቶች ትንሽ እናብራራ። ፕሮግራም መጀመሪያ ሰው በሚያነበው መልክ ይጻፋል፣ ከዚያ ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ ይለወጣል። አብዛኛው ድርጅት የሚሸጥልን ሁለተኛውን ነው፤ ውስጡ አይነበብም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ጽሑፉ ራሱ የተሰጠበት ነው፤ ማንበብ፣ መለወጥና ለሌላ ማካፈል እንዲቻል ፈቃድ ተጽፎለት። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤንዩ ብሎ የጀመረው እንቅስቃሴ አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር፣ ለትርፍ ጊዜው ብሎ የጀመረውን ሊኑክስን ለሁሉም ለቀቀ። እጃችሁ ላይ ያለው አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ያ ነው።

"ነጻ" ሲባል ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ "ውሰድ፣ ለውጥ፣ ከፈለግህ ዝጋውና ሽጠው፣ ስሜን ብቻ አታጥፋ" የሚል መንፈስ አለው። አድሃን በዚህ የተለቀቀ ነው። ጂፒኤል የሚባለው ግን ይከብዳል፤ ወስደህ አሻሽለህ ለሰው ካደረስክ ያሻሻልከውም ክፍት ሆኖ መቀጠል አለበት። በዚህ ላይ ሦስታችን ብዙ ተከራከርን። አንዳችን "ሰደቃ ከሰጠህ በኋላ ምን አገባህ" አለ። ሌላው ወቅፍን አነሳ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ፤ የተመከሩትም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ ተይዞ ፍሬው ለችግረኛና ለመንገደኛ እንዲውል ነበር። ጂፒኤል ወደዚህ ይጠጋል አልን፤ ጥቅሙ ለሁሉም፣ ዋናው ግን ከሕዝብ እጅ አይወጣም። ልዩነት እንዳለው አይጠፋንም፤ መሬት አንዱ ሲያርሰው ሌላው አያርሰውም፣ ኮድ ግን ሺህ ሰው ቢገለብጠው አይጎድልም። ለማንኛውም ጂፒኤልን መረጥን። ኡስታዛችን ንጽጽሩን ሲሰሙ ፈገግ አሉና "ፊቅህ እንዳታደርጉት ብቻ" አሉን።

መለወጥ የማይፈቀድበት ቦታም አለ፣ መሆንም አለበት። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ተንዚል የቁርኣንን ጽሑፍ ለፕሮግራም ሠሪዎች ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ ሁኔታው ግን አንድም ፊደል ሳይለወጥ እንዲገለበጥና ምንጩ እንዲጠቀስ ነው። የሳዲቅና የሳኒ ሐቢብ የአማርኛ ትርጉምም እዚያ ይገኛል።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን መሸንገል አንፈልግም። ኮዳችን ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ስድስት ወር ሙሉ ክፍት ነበር። ማንም ገብቶ ማንበብ ይችል ነበር። ማንም አላነበበም። "ክፍት ስለሆነ አስተማማኝ ነው" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ በር ክፍት መሆኑ ሰው ገብቷል ማለት አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. መጋቢት ውስጥ በዓለም ላይ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ኤክስዜድ የተባለ፣ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል፣ የሚንከባከበው ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ የደከመው ሰው ነበር። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ አካል ሁለት ዓመት ያህል "ልርዳህ" እያለ ተጠግቶ ውስጡ የስርቆት በር ሠራበት። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ያነቃውም ወደ ሰርቨር ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ለምን ዘገየ ብሎ ተከታትሎ፣ ኮዱም ክፍት ስለነበረ ውስጡ ድረስ ገባ። እኛ ታሪኩን ስናነብ የመጡብን ሰውዬው ሳይሆኑ መስጂድ በር ላይ የነበሩት አባባ ናቸው። ሁለቱም ነገሩ "ልክ አይመስልም" ያሉት ልኩን ከልምድ ስለሚያውቁ ነው።

የሰላት ሰዓት ሊቅነት በእስልምና ታሪክ ሙያ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑ ሻጢር በደማስቆ ኡመያ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሰዓት ኃላፊ ነበር። በዚያው ዘመን አል ኸሊሊ ለደማስቆ ያዘጋጀው የሰዓት ሠንጠረዥ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ሠንጠረዡ ማንም ሊገለብጠውና ከፀሐይ ጋር ሊያስተያየው የሚችል ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ስልክ እንመለስ። የምትጠቀሙት አፕ የትኛውን የስሌት ዘዴ እንደመረጠ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ሱብሒ የሚገባው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ነው በሚለው ላይ ተቋማት ይለያያሉ። የሙስሊም ወርልድ ሊግ 18 ዲግሪ ይላል፣ የግብጹ 19.5፣ የሰሜን አሜሪካው 15። አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል 6 ደቂቃ ያህል፣ በ15ና በ18 መካከል ደግሞ 12 ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ። በረመዳን ሱሁር ላይ ላለ ሰው 12 ደቂቃ ትንሽ አይደለችም። ዒሻም እንዲሁ ነው፤ የኡሙል ቁራ ዘዴ ከመግሪብ በኋላ 90 ደቂቃ ይቆጥራል፣ በ17 ዲግሪ ከሄድን ግን አዲስ አበባ ላይ ከ65 እስከ 73 ደቂቃ ነው። "ስልኬና ስልክህ ለምን ይለያያሉ" የሚለው የዶርም ክርክር ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው። ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ስለእናንተ መርጧል። የትኛውን መያዝ እንዳለብን የሚነግሩን ዑለማዎች ናቸው፤ የፕሮግራም ሠሪው ድርሻ የመረጠውን አለመደበቅ ነው። በእኛ ገጽ ላይ አሁን ከእያንዳንዱ ሰዓት ሥር በየትኛው ዲግሪ እንደተሰላ በትንሽ ጽሑፍ ይታያል።

መግሪብን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሀና ማርያም ላይ ቆሞ ወደ ፉሪ ተራራ በኩል የሚያይ ሰው ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ መሸ ሊል ይችላል። ከተራራው ጀርባ መግባትና ከአድማስ በታች መግባት አንድ አይደሉም። ስሌቱ የሚይዘው ሁለተኛውን ነው።

ከሰኔ ወዲህ ኮዳችን ውስጥ የጨመርነው ፈተና አለ። ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር የዓመቱን ቀናት ሁሉ በአንድ ጊዜ አስልቶ ከአድሃን ውጤት ጋር ያስተያያል፤ በአንዱ ቀን እንኳ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከተለያየ ለውጡን አይቀበልም። በታኅሣሥ ብቻ ፈትኖ ለሰኔ መማል ይብቃን ብለናል። የተለያዩ ከተሞችን የምንጨምርበት ዝርዝርም ተጀምሯል፤ ወደ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚመልስልን ሰው እንፈልጋለን፣ ኮድ ማወቅ አይጠበቅበትም። ኮድ የምታውቁ ደግሞ እባካችሁ አንብቡት፤ ከምስጋና ይልቅ ትችት ይጠቅመናል።

የመጨረሻው ጥሪ የማንኛውም ዲፓርትመንት ተማሪ ሊሳተፍበት የሚችል ነው። ሙአዚኑ አባባ መስጂዱ ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገን እንድንተክል ፈቅደውልናል። በየጁምዓው የቀትሩንና የዐስሩን ጥላ በሜትር ለክተን እንመዘግባለን። ሚያዝያ 5 ላይ፣ ደመና ካልከለከለን፣ 6፡25 ገደማ ዱላው ምንም ጥላ አይኖረውም። ማየት የምትፈልጉ ሀና ማርያም ኑ፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ፣ ሜትር ያላችሁም ይዛችሁ።